ሆኪ በበረዶ፣ በስክሪንና በጀፎረ

በስክሪን የሚደረግ የበረዶ ሆኪ ግጥሚያ በሙሉ መልኩ አሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ስድስት በአንድ ወገን፣ ስድስት በሌላው። ሁሉም ጆይስቲክ ይዘው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የሚነዳው ግን አንድ ተጫዋች ብቻ ነው። አንዱ የመሐል አጥቂ፣ ሁለቱ የክንፍ አጥቂዎች፣ ሁለቱ ተከላካዮች፣ አንዱ በረኛ ይሆናሉ። ፕሌይስቴሽን ቤት እግር ኳስ የለመደ ወጣት መጀመሪያ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። እግር ኳሱን ሲጫወት አሥራ አንዱንም በተራ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ራሱ ነው፤ ኳሷ የሄደችበት ሁሉ ይሄዳል። በሆኪው ግን ተከላካይ የሆነ ሰው ግጥሚያውን እስኪጨርስ ተከላካይ ነው። ጓደኞቹ ካላቀበሉት ደቂቃዎች ምንም ሳይነካ ሊያልፉበት ይችላሉ። ስለዚህ ሁለት ባላንጣ ቡድኖች ሊገጥሙ ሲሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የማን ጣት ይፈጥናል የሚለው አይደለም፤ ማን ከማን ጋር ተግባብቷል የሚለው ነው።

በጉራጌዋ ጉብሬ በረዶ ማለት በክረምት ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ወዲያው የሚቀልጥ ነገር ነው። ከወልቂጤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ወይና ደጋ ላይ የተቀመጠች፣ ዙሪያዋ እንሰት የሆነ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የገባባት የተማሪ ከተማ ናት። ያም ሆኖ ሆኪ የሚባለው የጨዋታ ዘር ለአገሩ ባዕድ አይደለም። በኢትዮጵያ ታኅሣሥ ሲገባ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ተይዞ ሩር የሚመታበት የገና ጨዋታ የዚያው ቤተሰብ አባል ነው። ሁለት ወገን አለው፣ ቀን የተቆረጠለት ነው፣ ከቀኑ በፊት ፉከራ ይቀድመዋል። ከሩቅ አገር በስክሪን የመጣውን ሆኪ መረዳትም፣ የራስን ሆኪ ወደ ስክሪን ማውጣት ይቻል እንደሆነ መመዘንም የሚቀለው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው።

የበረዶው ደንብ

በዱላ ድቡልቡል ነገር መምታት የማንም ብቸኛ ፈጠራ አይደለም። በግብፅ ቤኒ ሐሰን በሚባለው ስፍራ ከአራት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በተሠራ መቃብር ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዎች ቆልማማ ዱላቸውን ፊት ለፊት አጋጥመው ተስለዋል። በአቴና የተገኘ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የተቀረጸ ድንጋይም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። የበረዶው ሆኪ ከነዚህ ሁሉ ታናሽ ነው። በጣሪያ ሥር፣ ደንብ ተይዞለት የተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ በካናዳ ሞንትሪያል፣ ቪክቶሪያ በተባለው የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1875 የተካሄደው እንደሆነ ይነገራል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1908፣ ኤንኤችኤል የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ሊግ ደግሞ በ1917 ተመሠረቱ።

የኤንኤችኤል መጫወቻ 61 ሜትር ርዝመት፣ 26 ሜትር ወርድ አለው። ዙሪያውን በአጥር ታጥሯል፤ ማዕዘኖቹም ክብ ናቸው። ይህ አጥር ጌጥ አይደለም። በእግር ኳስ ኳስ ከመስመር ከወጣች ጨዋታው ይቆማል፤ በሆኪ ግን የምትመታው ፓክ አጥሩን ነክታ ትመለሳለች፣ ጨዋታውም ይቀጥላል። ብልህ ተጫዋች አጥሩን እንደ አንድ ጓደኛ ቆጥሮ ይቀባበለዋል። ፓክ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ ናት፤ ወርዷ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቷ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 170 ግራም ያህል ነው። እንዳትነጥር ሲባል ከግጥሚያ በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ ታድራለች። በጠንካራ ምት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ትሮጣለች።

ግጥሚያው እያንዳንዱ 20 ደቂቃ በሆነ ሦስት ክፍል ይከፈላል። ተጫዋቾች በሙሉ ኃይላቸው ስለሚንሸራተቱ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ይደክማሉ፤ ጨዋታው ሳይቆም እየወጡ ሌሎች ይተኳቸዋል። ከደንቦቹ ውስጥ ውጤት የሚገለብጠው የቅጣቱ ደንብ ነው። በዱላ ጠልፎ የጣለ፣ በክርኑ የመታ ወይም የያዘ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ቡድኑም ያንን ሁለት ደቂቃ በአንድ ሰው ጎድሎ ይጫወታል። በረኞቹ ሳይቆጠሩ አምስት ለአራት የሆነው ቡድን ጎል ካገባ ቅጣቱ ያበቃል። በባላንጣዎች መካከል ንዴት ሲበረታ ቅጣት ይበዛል፣ ቅጣት ሲበዛ ጎል ይከተላል። ስለዚህ የሆኪ ቅድመ ዘገባ ሁልጊዜ የሁለቱን ቡድኖች ጠባይ ይመረምራል፤ ማን ቶሎ ይቆጣል፣ ማን ጎድሎም መከላከል ይችላል።

ወደ ስክሪን የገባበት መንገድ

ኢኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የኤንኤችኤልን ስም የያዘውን የሆኪ ጌም እ.ኤ.አ. በ1991 ማውጣት ጀመረ። በ1993 የወጣው፣ ኤንኤችኤል 94 የሚባለው፣ ዛሬም ድረስ ውድድር የሚዘጋጅበት ሥራ ነው። ያኔ ሦስት ቁልፍ ይበቃ ነበር። ትልቁ ለውጥ በ2006 ከኤንኤችኤል 07 ጋር መጣ፤ በጆይስቲኩ ቀኝ በኩል ያለችው መቆጣጠሪያ የተጫዋቹን ዱላ ራሱን እንድታንቀሳቅስ ተደረገ። ወደ ኋላ ስትሳብ ዱላው ይነሣል፣ ወደ ፊት ስትገፋ ይመታል። ቁልፍ ተጭኖ ምት ማዘዝ ቀርቶ እጅ የዱላውን ጉዞ መከተል ጀመረ። ገና ተጫውቶ የሚያውቅ ሰው ይህን እንቅስቃሴ ለመማር ጊዜ እንደማይፈጅበት መገመት አያስቸግርም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስድስት ለስድስት የሚካሄደው የክለቦች ሊግ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ተጫዋቾች በተለያየ ከተማና አገር ተቀምጠው አንድ ክለብ ያቋቁማሉ፣ ማልያ ይመርጣሉ፣ ቦታ ይከፋፈላሉ፣ በማዳመጫ እየተነጋገሩ ይገጥማሉ። የስክሪን ሆኪ እውነተኛ ባላንጣነት የተወለደው በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ነው። አንድ ለአንድ የሚደረገውም ቢሆን የራሱ መድረክ አለው፤ ኤንኤችኤል እ.ኤ.አ. በ2018 የመጀመሪያውን የዓለም የጌም ሻምፒዮና አዘጋጅቶ ፍጻሜውን በላስ ቬጋስ አካሂዷል።

ሁለት የስክሪን ክለቦች ሊገጥሙ ሲሉ ነገሩን የሚያውቅ ተመልካች መጀመሪያ የሚያየው በረኛውን ነው። በረኛው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሰው ከጠፋ ደግሞ ማሽኑ ይተካዋል። የማሽን በረኛ ስህተቱ ይታወቃል፤ ከየትኛው ማዕዘን፣ በምን ዓይነት ቅብብል እንደሚሸነፍ ያጠኑ ክለቦች ደጋግመው በዚያው ይመጡበታል። ሰው የሆነ በረኛ አንዳንዴ ቀላሉን ይስታል፣ ግን ይማራል፤ በመጀመሪያው ክፍል የገባበት መንገድ በሦስተኛው ላይዘልቅ ይችላል። ቀጥሎ የሚታየው ጨዋታው የሚጀመርበት ፍጥጫ ነው። ዳኛው ፓኳን በሁለት መሐል አጥቂዎች መካከል ይጥላል፤ ማን ቀድሞ ወደ ጓደኛው እንደሚመልሳት የሚወስነው የጣት ቅጽበት ነው። እዚያ ላይ የሚያሸንፍ ቡድን ግጥሚያውን በጥቃት ይጀምራል፣ ባላንጣው በተቀጣ ቁጥርም ይጠቀምበታል።

ሦስተኛው ነገር መግባባት ነው፤ በቁጥር አይገለጽም፣ ክብደቱ ግን ከሁሉ ይበልጣል። አብሮ የቆየ ቡድን ብዙ አያወራም። የክንፍ አጥቂው ተከላካዩ የት እንደሚቆም ሳያይ ያውቃል። አዲስ የተሰባሰበ ቡድን ሁሉም ጎል ለማግባት ይሻማል፣ ኋላው ክፍት ይቀራል፣ ሁለት ፈጣን መልሶ ማጥቃት ይበቃዋል። እኩል ችሎታ ባላቸው ባላንጣዎች መካከል ውጤቱን የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ርቀትና ቅጽበት

ከኢትዮጵያ ሆኖ በዚህ ዓይነት ሊግ መግባት የሚፈልግ ተጫዋች ከችሎታ በፊት ርቀትን ይጋፈጣል። አዲስ አበባና ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5300 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በኦፕቲክ ገመድ ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። እንግዲህ ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ቢሆን፣ ገመዱም ያለ ምንም ጠመዝማዛ ቢዘረጋ፣ የአንድ ጣት ትእዛዝ ደርሶ እስኪመለስ ቢያንስ 53 ሚሊ ሴኮንድ ይወስዳል። በእውኑ ዓለም ገመድ ይጠማዘዛል፣ በየመገናኛው ይዘገያል፣ ከዚህም በላይ ይሆናል። ጌሙ በሴኮንድ 60 ምስል ስለሚያሳይ 53 ሚሊ ሴኮንድ ማለት ሦስት ምስል ማለት ነው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ፓክ በዚያች ቅጽበት ከሁለት ሜትር በላይ ትጓዛለች፤ የጎሉ ወርድ ግን 1.83 ሜትር ብቻ ነው። በረኛው ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ፓኳ መረቡን ነክታ ሊሆን ይችላል። የቱንም ያህል ልምምድ ቢደረግ ይህን ጉድለት አይሞላውም።

መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። ሆኪው እንደ እግር ኳሱ ሁሉ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ቴሌቪዥን፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የኤንኤችኤልን ጌም የሚያወጣው ኩባንያ በየፕሌይስቴሽን ቤቱ የታወቀውን፣ ፊፋ ይባል የነበረውንና እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ስሙ ኤፍሲ የሆነውን የእግር ኳስ ጌምም የሚያወጣው ነው። የቆየ ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ቤት እስከ ኤንኤችኤል 24 ድረስ ያሉትን ማጫወት ይችላል። እንደ ጉብሬ ባለ የተማሪ ከተማ ሁለት ቡድን ማግኘት አይቸግርም፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው የሚቀመጡ፣ ተሸናፊው ጆይስቲኩን ለተረኛ አስረክቦ የሚነሣባቸው፣ ከቆመው ተመልካች ምክርና ጫጫታ የሚዘንብባቸው ቤቶች የውድድርን ሥርዓት ቀድመው ያውቁታል። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲገጥሙ መዘግየት የሚባል ነገር የለም፤ የሚያሰጋው መብራት መጥፋት ብቻ ነው።

እውነተኛው በረዶ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ የታየችው በበረዶ ሸርታቴ ረጅም ርቀት ነው፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር ተወዳድሯል። በሆኪ የምሥራቅ አፍሪካን በር የከፈተችው ኬንያ ናት። ናይሮቢ ውስጥ ፓናሪ በተባለው ሆቴል በ2005 የበረዶ መንሸራተቻ ተሠራ፤ ከመደበኛው መጫወቻ ቢያንስም አይስ ላየንስ የተባለ ቡድን ከዚያ ወጣ። የቡድኑ ችግር በረዶ ማጣት አልነበረም፤ ባላንጣ ማጣት ነበር። በአካባቢው የሚገጥመው ሌላ ቡድን ስላልነበረ ለዓመታት እርስ በርሱ ተከፋፍሎ ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ካናዳ ሄዶ ከሌላ ቡድን ጋር ሲገጥም ዜናው ዓለምን ያዳረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ኬንያ በ2024 የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተባባሪ አባል ሆናለች። የናይሮቢው ታሪክ አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል፤ ጨዋታ ሜዳና ዕቃ ኖሮትም ተፎካካሪ ከሌለው ስፖርት ለመሆን ይቸገራል። ኢትዮጵያ ውስጥ የገና ጨዋታ ከጥንት ጀምሮ የተትረፈረፈው ደግሞ ይኸው ተፎካካሪ ነው።

ገና

የገና ጨዋታ የልደት በዓል ጨዋታ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት እንደሚለው የክርስቶስን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በያዙት በትር ሩር እየመቱ ተጫወቱ፤ ጨዋታውም ከዚያ ቀጠለ። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በየአራት ዓመቱ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን ከጳጉሜን ስድስተኛ ቀን የተነሣ ወደ ታኅሣሥ 28 ይመጣል። ከቅዳሴና ከጾም መፍቻው ምግብ በኋላ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ወንዶች ወደ ሜዳ ይወጣሉ። በአዲስ አበባ ጃንሜዳ የዚህ ጨዋታ የታወቀ ስፍራ ነው።

ዱላው ወይራን ከመሰለ ጠንካራ እንጨት ይዘጋጃል። ጫፉ በተፈጥሮው የታጠፈ ቅርንጫፍ ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘ እርጥቡ እንጨት በእሳት እየሞቀ ይቆለመማል፣ ታስሮ ይደርቃል። ሩሩ ከእንጨት ሥር ተጠርቦ ይድቦለቦላል ወይም ከጠፍር ይጎነጎናል። የእንጨቱ ሩር ሲመታ ርቆ ይሄዳል፣ ቅልጥም ካገኘም ይጎዳል፤ የጠፍሩ ይለዝባል፣ ከዱላ ግን ቶሎ አይለይም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያዝ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፤ ጨዋታው ፈጣንና ረጅም ምት የሚበዛበት ወይም ግፊያና ትግል የሚበዛበት መሆኑን የሚወስነው ይህ ምርጫ ነው።

ተጫዋቾች ሚና ይለያሉ፣ ማለትም በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ያገባ ካላገባ፣ አንዱ አጥቢያ ከሌላው አጥቢያ ይገጥማል። በመንደር ጨዋታ የሰው ቁጥር አይወሰንም፤ ዱላ ያለው ሁሉ ይገባል። ሩሩ መሐል ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ወገን ወደ ባላንጣው ግብ ለማድረስ ይታገላል። የተጻፈ ኦፍሳይድ የለም፣ የሁለት ደቂቃ ቅጣት የለም። ያለው ሌላ ዓይነት ሕግ ነው። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ተጋፍቶ ቢያልፈው፣ ቢመታውም፣ ጌታው ሊቆጣ አይገባም ተብሎ በምሳሌያዊ አነጋገር ጭምር የታወቀ ነው። የበረዶው ሆኪ ንዴትን በቅጣት ያስተካክላል፤ ገና ንዴቱን ከመነሻው ይከለክለዋል። የዚህ ሕግ ክብደት ቀላል አይደለም፤ የማዕረግ ልዩነት እጅግ በጠበቀበት ዘመን በዓመት አንድ ቀን ሁሉም በዱላው ልክ ብቻ የሚለካበት ሜዳ ነበረ።

ያሸነፈው ወገን እየዘፈነ ይመለሳል። የተሸናፊውን ደካማነት የሚያነሡ የፉከራና የቀልድ ግጥሞች ይወርዳሉ፤ ትልልቅ ሰዎች ቤት እየተገባ ይጨፈራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ተሸናፊው ዓመቱን ሙሉ የሚያስታውሰው ጎሉን ሳይሆን ግጥሙን ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ግጥሚያ የሚጠነሰሰውም በዚያው ምሽት ነው።

የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን እንደ ትግል፣ ገበጣ፣ ፈረስ ጉግስና ኩርቦ ሁሉ ደንብ ከወጣላቸው ባህላዊ ስፖርቶች ጋር ይዞ በየጊዜው ያወዳድራል። ቁጥሩ የተወሰነ ቡድን፣ ልኩ የታወቀ ሜዳና ፊሽካ የያዘ ዳኛ ያለው ገና በዚህ መንገድ ተገኝቷል። የመንደሩና የፌዴሬሽኑ ገና አንዱ ሌላውን አይተካም። የመጀመሪያው በዓል ነው፤ ሁለተኛው ከአንዱ ክልል የመጣ ተጫዋች ከሌላው ክልል ከመጣ ጋር ያለ ክርክር እንዲገጥም ያስችላል።

ጀፎረው

በጉራጌ መንደር የሚያልፍ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጀፎረ ላይ ነው። ጀፎረ ሰፊና ረጅም ሣራማ ጎዳና ነው፤ ግራና ቀኙ ክብ ቤቶች ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይሰለፋሉ፣ ከቤቶቹ ጀርባ የእንሰቱ ጓሮ ይከተላል። ማንም ቆርሶ የራሱ አያደርገውም፤ ድንበሩን የሚጠብቀው የማኅበረሰቡ ባህላዊ ሕግ ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ሠርግ ይደምቅበታል፣ ልቅሶ ይቆምበታል፣ የመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ የተመለሰው ሰው ሁሉ ይገናኝበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል።

ለዱላና ለሩር ከዚህ የተሻለ ሜዳ ማሰብ ይከብዳል። ሣሩ በከብት ስለሚጋጥ አጭር ነው፤ ሩሩ ይንከባለላል እንጂ አይሰወርም። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ቅርጹ ነው። ግራና ቀኙ የቤቶች አጥር ስለሆነ ጀፎረ በሁለት በኩል የታጠረ ሜዳ ነው፤ ልክ የበረዶው ሆኪ መጫወቻ በአጥር እንደታጠረ። ወደ ጎን የተመታ ሩር አጥር ነክቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን ክፍት ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ግባቸውን የት እንደሚያደርጉ በዛፍ፣ በድንጋይ ወይም በደጃፍ ተስማምተው መወሰን አለባቸው። ገላጣ ሜዳ ላይ የሚጫወት ቡድን ተበትኖ ሲያጠቃ፣ ጀፎረ ላይ የሚጫወት ግን ተሰልፎ ለማጥቃት ይገደዳል። ስለዚህ የጀፎረ ግጥሚያን አስቀድሞ የሚገምት ሰው መሐሉን የሚይዘውን ወገን ይመርጣል፤ በሁለት በኩል በታጠረ ስፍራ መሐሉን ያጣ ቡድን በአጥሩ ሥር መግፋት ብቻ ይቀረዋል።

የጉብሬው ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሌላ ነገር ጨምሯል። ታኅሣሥ ትምህርት የሚካሄድበት ወር ነው፤ አገሩ ሩቅ የሆነ ተማሪ ለአንድ ቀን በዓል ቤቱ ደርሶ መመለስ ስለማይችል ልደትን ጉብሬ ላይ ያሳልፋል። ከሰሜን ሸዋ የመጣው በገላጣ ሜዳ ያደገበትን፣ ከአዲስ አበባ የመጣው በጃንሜዳ ያየውን፣ የጉራጌው ልጅ በጀፎረ የለመደውን ይዞ ይገናኛል። ሁሉም ገና ይለዋል፤ ሩሩ ከምን እንደሚሠራ፣ ግብ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚገባ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይለያያል። የተጻፈ ደንብ ጥቅሙ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ደንብ ሲጻፍ፣ ኮድ ሲጻፍ

ባህላዊ ጨዋታን ወደ ስልክና ወደ ስክሪን ማምጣት በኢትዮጵያ የተሞከረ ነገር ነው። ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ኩኩሉ የተሰኘ የሞባይል ጌም አውጥቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ገበጣ ለፕሮግራም ይመቻል፤ ጉድጓዱ ይቆጠራል፣ ጠጠሩ ይቆጠራል፣ ተራ አለው። ገና ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ሁለት ቡድን በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፣ ሩሩ ፍጹም ክብ አይደለም፣ ሣር ላይ ሲንከባለል ፍጥነቱን በየስፍራው በተለያየ መጠን ያጣል፣ ድንጋይ ሲነካ ወዴት እንደሚዘል አይታወቅም። የበረዶው ሆኪ ለጌም ሠሪዎች የተመቸው ፓኳ በልሙጥ ገጽ ላይ ከሞላ ጎደል በቀጥታ ስለምትሄድ ነው። ለገናው የሣሩን ግጭት፣ የሩሩን ንጥረትና የዱላውን ክብ ጫፍ በሒሳብ መግለጽ ይጠይቃል። ይህ ከባድ ቢሆንም በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚሠራ ሥራ ነው፤ በጉብሬው ግቢ የኮምፒውቲንግና ኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ አለ፣ ሜዳውና ተጫዋቹም ከግቢው አጥር ብዙ አይርቁም። ሩሩን በስልክ ቀርጾ ፍጥነቱን መለካት ለአንድ የመመረቂያ ሥራ በቂ መነሻ ይሆናል።

ከፊዚክሱ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የደንብ ጥያቄ ነው። ፕሮግራም ያልተወሰነ ነገር አይቀበልም። ስንት ሰው? ሩሩ ከግብ የት ሲያልፍ ነው ጎል የሚሆነው? ጨዋታው የሚያልቀው በሰዓት ነው ወይስ በጎል ብዛት? ለስክሪኑ የፌዴሬሽኑን ደንብ መነሻ ማድረግ ይሻላል፤ ሜዳውን ግን ለተጫዋቹ ምርጫ መተው ይገባል። ጃንሜዳን የመረጠ ገላጣውን፣ ጀፎረን የመረጠ የታጠረውን ያግኝ። የቡድኑ ቁጥርም ከፕሌይስቴሽን ቤት አግዳሚ ጋር መመጣጠን አለበት። የበረዶው ሆኪ ጌም ሦስት ለሦስት የሚጫወቱበትም አለው፤ በአንድ ቤት ስድስት ሰው ማሰባሰብ አሥራ ሁለት ከማሰባሰብ ይቀላል።

ከኤንኤችኤል ጌም መወሰድ የሌለበት ነገርም አለ። በዚያ ጌም ውስጥ የተጫዋች ካርድ በገንዘብ እየተገዛ የራስ ቡድን የሚጠነክርበት ክፍል አለ፤ ብዙ የከፈለ የተሻለ ተጫዋች የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ይህ ለኩባንያው ገቢ ነው። ለገና ግን የጨዋታውን መሠረት ያፈርሳል፤ ጌታና ሎሌ በእኩል ዱላ የሚገጥሙበት ቀን ከተሸጠ ጨዋታው ስሙ ብቻ ይቀራል። በገና ጌም ውስጥ ሁሉም በአንድ ዓይነት ዱላ መጀመር አለበት፤ የሚሻሻለው በልምምድ ብቻ መሆን አለበት። የድሉ ግጥምም መቅረት የለበትም። በእግር ኳስ ጌም ጎል ያገባ ተጫዋች እንደሚጨፍረው፣ ያሸነፈው ወገን ማይክ ተከፍቶለት ተሸናፊውን በግጥም የሚነካካበት ጥቂት ደቂቃ ቢሰጠው ገና ከሌላው ሆኪ ሁሉ የሚለይበት ነገር ስክሪኑ ላይም ይታያል።

የመጪው ግጥሚያ ዝግጅት

ለሜዳው ግጥሚያ የመጀመሪያው ሥራ ዱላ ነው። እርጥብ እንጨት ሲመታበት ይለምጣል፣ በሞቀበት በኩልም መልሶ ይቃናል፤ ስለዚህ ከበዓሉ ሳምንታት ቀደም ብሎ ተቆርጦ፣ ተቆልምሞ፣ ታስሮ መድረቅ አለበት። ርዝመቱ ከባለቤቱ ወገብ ጋር ሲመጣጠን ጎንበስ ማለት ይቀንሳል፣ ሩጫም ይፈጥናል። የጠፍሩ ሩር በበኩሉ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ አዲሱ ከጨዋታ በፊት ጥቂት መመታት ይወዳል።

ሁለቱን ወገን የሚያመዛዝን ሰው ኃይለኛ መቺ ማን አለው ብሎ ብቻ አይጠይቅም። ረጅም ምት ገላጣ ሜዳ ላይ ያስፈራል፤ ጀፎረ ላይ ግን አጥር ያስቀረዋል። እዚያ የሚጠቅመው ሩሩን ከዱላው ሳያርቅ የሚነዳ፣ ለጓደኛው በአጭሩ የሚያቀብል ተጫዋች ነው። ቁጥሩ ካልተወሰነ ብዙ ሰው ያለው ወገን ያሸንፋል ማለት አይደለም፤ ሃያ ሰው በአንድ ሩር ላይ ሲከማች ከኋላ የቆመ አንድ ብልህ ተከላካይ የወጣውን ሩር አግኝቶ ባዶ ሜዳ ይሮጥበታል። ዳኛ ከሌለ ደግሞ ሁለቱም ወገን የሚያከብሩት ሽማግሌ አስቀድሞ ተመርጦ መቆም አለበት፤ ቅልጥም ላይ ያረፈ ዱላ በጨዋታ መሆኑንና በቂም መሆኑን የሚለየው እሱ ነው።

ለስክሪኑ ግጥሚያ የሚያስፈልገው ከዚህ ያንሳል፤ በቂ ጆይስቲክ፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ አስቀድሞ የተከፋፈለ ቦታ፣ በተለይም በረኛ ለመሆን ፈቃደኛ የሆነ ሰው። የበዓሉ ቀን በሁለት ቢከፈል፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ለጀፎረው፣ ምሽቱ ለስክሪኑ ይሆናል፤ በሜዳ ያሸነፈውና በስክሪን ያሸነፈው አንድ ወገን መሆን አለመሆኑም በዚያው ምሽት ይታወቃል። ታኅሣሥ 29 በ2018 ዓ.ም. ረቡዕ፣ በ2019 ዓ.ም. ሐሙስ ይውላል፤ በ2020 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ በመሆኑ በዓሉ ታኅሣሥ 28፣ ዓርብ ዕለት ነው።